የማታ ተማሪዎቹ መዝገብ የት ነው ያለው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ከረማችሁ። ጋዜጣችሁን የማነበው ቢሮ ነው፤ ጠዋት ሻይ ላይ እየተቀባበልን። ተማሪ ከመመረቁ በፊት ስለሚፈተነው የመውጫ ፈተና አንድ ነገር በወጣ ቁጥር ጠረጴዛችን ላይ ያው ወሬ ይነሣል። «የግል ኮሌጅ እኮ...» ብሎ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ መጨረሻው «ዲግሪ መሸጫ» ይሆናል። እኔ ዝም እላለሁ። መልስ አጥቼ አይደለም። ነገሩ ረጅም ስለሆነ በአንድ ሻይ አያልቅም። ዛሬ ግን ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ። ቦታ ካላችሁ አውጡልኝ።

ቁጥሩን አልክድም። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ሲሰጥ፣ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ያለፉት ከመቶ 17 ገደማ ብቻ ናቸው። ያማል። ለስሙ ብቻ ኮሌጅ የሆኑ ቤቶች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን «እንደገና ተመዝገቡ፣ መስፈርት አሟሉ» ማለቱም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የኔ ነገር ሌላ ነው። እነዚህ ተቋማት ከየት መጡ? ማን ጀመራቸው? ማን ተማረባቸው? ይህን ሰው አያውቀውም። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ አንድ ኮሌጅ ሲዘጋ የተማሪዎቹ መዝገብ የት እንደሚገባ ብዙ ሰው ጠይቄ ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠኝ አላገኘሁም። ሁለቱ ነገሮች ለኔ አንድ ናቸው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ላስተካክል። «የመጀመሪያው የግል ዩኒቨርሲቲ» ሲባል የሚጠራው ዩኒቲ ነው። እውነት ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958፣ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ጊዜ፣ የኮምቦኒ እኅቶች የሚባሉት የካቶሊክ ደናግል አስመራ ላይ ሳንታ ፋሚሊያ የተባለ ኮሌጅ ከፍተው ነበር። ቅዱስ ቤተሰብ ማለት ነው። መጀመሪያ የታሰበው እዚያው ለሚኖሩት ጣሊያኖች ልጆች ነበር። እየቆየ የአገሩ ልጆች ገቡበት፣ እንግሊዝኛው መጣ፣ አስመራ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። መንግሥት ሳይሆን ደናግል የመሠረቱት ዩኒቨርሲቲ! በደርግ ጊዜ ወደ መንግሥት ዞረ። ጦርነቱ ሲበረታ እ.ኤ.አ. በ1990 መምህራኑንና ሊነሣ የሚችለውን ዕቃ ይዞ ባሌ፣ አጋርፋ ድረስ ተሰደደ። በዓመቱ ወደ አስመራ ተመለሰ፤ በኋላ ደግሞ የኤርትራ መንግሥት በየቦታው ኮሌጆች ከፍቶ እሱን አከሰመው። ዩኒቨርሲቲ ሻንጣውን ሸክፎ ሲሰደድ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም። እና ስለ ግል ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ስናወራ እነዚያን ደናግል ዘለን ባንጀምር ደስ ይለኛል።

ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ወደ ሕዝብ ካዞረ በኋላ የግል ኮሌጅ የሚባል ነገር የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲቀየር፣ ከአስመራው ሌላ፣ የነበረው ሁለት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ አዲስ አበባና ዓለማያ፣ ከጥቂት የመንግሥት ኮሌጆች ጋር። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ! የአሁን ልጆች ይህን ሲሰሙ አያምኑኝም። በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ እያዩ ስላደጉ።

ማትሪክን የሚያስታውስ አንባቢ ይረዳኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ተምረህ፣ ውጤቱ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ በጣትህ እየተከተልክ ስምህን ትፈልጋለህ፣ ነጥብህን ታያለህ፣ አለቀ። በየዓመቱ የሚፈተነው በአሥር ሺዎች ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚጠራው ግን ጥቂት ሺህ። የቀረው «ነጥብ አልመጣለትም» ይባላል። እኔ በ1988 ዓ.ም. ነው የተፈተንኩት። 2.4 አመጣሁ። የወደቀ ሰው ውጤት አይደለም፤ ግን አልተጠራሁም። ሰፈራችን ውስጥ እንደኔ ያለ ልጅ ስንት ነበር? ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ላይ ተደርድረን እንቀመጥ ነበር። ሰነፍ ስለነበርን አይደለም፤ የሚቀበለን ቤት ስላልነበረ ነው። ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የማታ ትምህርት ነበር፤ ግን እሱም ቦታው ትንሽ፣ ፈላጊው ብዙ።

የግል ኮሌጅ የተወለደው ከዚህ ድንጋይ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ማንም ሀብታም ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ ላቋቁም ብሎ አልጀመረውም። የተጀመረው በቋንቋ ትምህርት ነው። ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ማለትም ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ አዲስ አበባ ውስጥ የቋንቋ ትምህርት ቤት ሆኖ ነው የተከፈተው፤ ሃምሳ ተማሪ ይዞ። መሥራቹ ዶክተር ፍስሐ እሸቱ ናቸው። በኋላ በሌላ ሥራቸው ስማቸው ብዙ ስለተነሣ ሰው ይህን ረስቶታል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ የሠሩትን ከዚያ ለይቼ ነው የማየው። ሃምሳ ተማሪ ማለት ዛሬ የአንድ ክፍል ተማሪ ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1998 ኮሌጅ፣ በ2002 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ2008 ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በዚያው ዓመት አካባቢ በሚድሮክ ኩባንያ እጅ ገባ። አሥራ ሰባት ዓመት ነው ከቋንቋ ትምህርት ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ። ለአንድ ሰው ዕድሜ ብዙ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ግን ገና ዳዴ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን አስቡት። በ1943 ዓ.ም. ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ንጉሡ ነበሩበት፣ ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን መምህራን ነበሩበት፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተሰጠው። ቤተ መንግሥት! ደግ ሥራ ነው፣ ንጉሡ ይመስገኑ። የግሎቹ ግን ምንም የሚሰጣቸው አልነበረም። ኪራይ ቤት ነው የጀመሩት። ከባንክ ገንዘብ ለማግኘት ማስያዣ የሚሆን ሕንፃ ያስፈልጋል፤ ሕንፃ እንዳይኖራቸው ደግሞ ገንዘብ የለም። የነበራቸው የተማሪው ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ነው። ተማሪው በወሩ መጨረሻ ካልከፈለ መምህሩ በወሩ መጀመሪያ አይከፈለውም። ይህን ያላየ ሰው «ነጋዴዎች» ቢላቸው አልፈርድበትም፤ ግን ይየው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለግሉ ዘርፍ በሩን ከፈተ። ከዚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ስም ተነሣ። ቅድስት ማርያም፣ አድማስ እ.ኤ.አ. በ1998። አልፋ በርቀት ትምህርት ክፍለ ሀገሩን አዳረሰ፤ ሪፍት ቫሊ ከአዳማ ተነሣ። ሮያል፣ ማይክሮሊንክ፣ ኢንፎሊንክ... በታክሲ ስትሄድ በየአጥሩ የምታነበው ስማቸውን ነበር። አካውንቲንግ፣ ሴክሬታሪያል ሳይንስ፣ ማርኬቲንግ፣ ኮምፒውተር፣ ሕግ። ለምን እነዚህ ሆኑ ብትሉ፣ ላቦራቶሪ አይፈልጉም። ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና መምህር ካለ ይሄዳሉ። ኮምፒውተሩም ቢሆን አንዱን ለሦስት ለአራት ሆነን ነበር የምንማረው።

እኔ የገባሁት በ1991 ዓ.ም. ነው፤ በማታው፣ ለአካውንቲንግ ዲፕሎማ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱን ታዩታላችሁ። ቀን መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ክፍያው የደመወዜን ግማሽ ይወስዳል፤ የጎደለውን ታላቅ እህቴ ከጅዳ ትልክልኝ ነበር። እሷ ራሷ ከአሥረኛ ክፍል ወጥታ ነው ሰው ቤት ለመሥራት የሄደችው። የግል ኮሌጆቻችንን ማን አቋቋማቸው ለሚለኝ ሰው፣ ከመሥራቾቹ ቀጥሎ በዓረብ አገር ልብስ የሚያጥቡና የሚተኩሱ እህቶቻችን ናቸው እለዋለሁ። ስማቸው የትኛውም ሕንፃ ላይ የለም።

ክፍላችን ቀን ቀን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ኮሌጁ ማታ ማታ ነው የሚከራየው። ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንገባለን። ዴስኩ የሕፃናት ነው፤ ጉልበታችን ከጠረጴዛው በላይ ይወጣል። ግድግዳው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥና ፊደል ገበታ አለ። ከፊቴ የምትቀመጠው ቢሮ ውላ በታኮ ጫማ የመጣች ሴት ናት፤ ከጎኔ ዩኒፎርሙን ያልቀየረ ፖሊስ፤ ከኋላ ደግሞ ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ አንድ አባት። «ጋሼ» እንላቸው ነበር። ሴቶቹ ብዙ ነበሩ። በኋላም የግሎቹ የሴት ተማሪዎች ድርሻ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ ከፍ ያለ ሆኖ ቆይቷል። አይገርመኝም። ሥራ ያላት፣ ልጅ ያላት፣ ቤቷን ትታ መሄድ የማትችል ሴት የት ትማር?

አንድ ማታ አልረሳም። መብራት ጠፋ። ያኔ መብራት መጥፋት አዲስ ነገር አይደለም፤ ሁሉም ሰው ቦርሳው ውስጥ ሻማ አለው። መምህራችን ከስድስት ኪሎ የሚመጡ ሰው ነበሩ፤ ቀን እዚያ አስተምረው ማታ እኛ ጋ ይመጣሉ። አንድም ቃል ሳይናገሩ ቆሙ። ሻማው አንድ በአንድ ተለኮሰ። አንዷ ተማሪ ተነሥታ ሻማዋን ይዛ ሰሌዳው አጠገብ ቆመች። እሳቸውም የጀመሩትን ቲ አካውንት ጨረሱ። ግራው ደቢት፣ ቀኙ ክሬዲት። ሰሙ በጣቷ ላይ እየፈሰሰ ትራያል ባላንሱ፣ የሁለቱ ወገን ድምር፣ እስኪገጥም አልተቀመጠችም። ሲገጥም ክፍሉ አጨበጨበ። ከዚያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥተን ታክሲ ፍለጋ ተበተንን።

ዲግሪ መሸጫ ሲሉኝ የምትመጣብኝ ያቺ ልጅ ናት።

መምህራኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። የመጀመሪያዎቹ ኮሌጆች የራሳቸው ቋሚ መምህር እምብዛም አልነበራቸውም። የሚያስተምሩን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፣ በሰዓት እየተከፈላቸው። ይህ ሁለት ፊት አለው። ጥሩው፣ ነጥብ አልመጣለትም የተባለው ልጅ ስድስት ኪሎ ያለውን መምህር ራሱን አገኘው፤ ሃንድአውቱም ያው ነው። መጥፎው፣ መምህሩ ደክሞ ይመጣል፣ ይቀራል፣ ፈተና ለማረም ወር ይፈጃል፤ ለምርምር፣ ለራሱ ንባብ የሚሆን ጊዜ አይተርፈውም። ብዙዎቹ ኮሌጆች ከዚህ ሳይወጡ ሃያ ዓመት ሄዱ። የዛሬው የፈተና ውጤት አንዱ ሥር እዚህ ጋ ይመስለኛል። የራሳቸውን መምህር ያላፈሩ ሰፉ፤ በየከተማው ቅርንጫፍ ከፈቱ፤ ግን ያው በሰዓት በሚከፈል ሰው ነው። ይህንንም ቢሆን ታሪኩን ሳያውቁ መፍረድ ይከብዳል።

መንግሥትም ዘግይቶ ነው የመጣው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ፣ ቁጥር 351፣ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። የጥራት ኤጀንሲውም በዚሁ አዋጅ ነው የተቋቋመው። ልብ በሉ፣ እኔ ከተመረቅሁ በኋላ። መስፈርቱ ሳይጻፍ ትምህርቱ ተጀምሯል። ከዚያ በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ደግሞ ሌላ ዱብ ዕዳ፦ የርቀት ትምህርት ታገደ፣ ሕግና መምህርነት ከግሎቹ እጅ ይውጣ ተባለ። ርቀቱ ከድርድር በኋላ በቅድመ ሁኔታ ተፈቀደ፤ ሁለቱ መስኮች ግን ያኔ አልተመለሱም። በየወረዳው በሞጁል የሚማሩ መምህራን ዘመዶች አሉኝ፤ ያን ክረምት ምን እንዳሳለፉ እኔ አውቃለሁ። ጥራት ይጠበቅ ማለት አንድ ነገር ነው። በሬዲዮ ሰምተህ ያዋጣኸው ገንዘብና የደከምክበት ሦስት ዓመት ምን ሊሆን ነው ብለህ ማደር ሌላ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ከተመረቅሁ ጥቂት ዓመታት በኋላ ኮሌጃችን ስሙን ቀየረ፤ ቦታም ቀየረ፤ ከዚያ ጠፋ። መቼ እንደተዘጋ እንኳ አላወቅሁም። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ዲፕሎማዬ ፋይሌ ውስጥ አለ፤ ምን አስጨነቀኝ። በቅርቡ ዕድገት ተወዳደርኩና አለፍኩ። መሥሪያ ቤቱ «የትምህርት ማስረጃህ ይጣራ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተቋሙ በቀጥታ ይላክልን» አለኝ። ልክ ናቸው፤ በሐሰተኛ ማስረጃ ስንት ጉድ ታይቷል። ግን ከየት ይላክ?

ሄድኩ። የድሮው ግቢ አሁን የቤት ዕቃ መሸጫ ነው። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ «አባቴ፣ እዚህ ኮሌጅ ሲባል ሰምቼ አላውቅም» አሉኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ላከኝ፤ ሌላው ወደ መጀመሪያው። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። አንዷ ልጅ ኮምፒውተሯ ላይ ደጋግማ ፈለገችልኝ። የኮሌጁን ስም ስታጣው ከኔ በላይ እሷ አፈረች። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። ዕድገቱ ለሌላ ተሰጠ። እሱስ ይሁን። የከነከነኝ፣ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ የተማርኩበት ቤት በአገሪቱ ውስጥ አንድም ቦታ እንዳልነበረ መሆኑ ነው።

በመጨረሻ ያገኘኋት የክፍል ጓደኛዬ ናት፣ ያቺ ሻማ ያዥዋ። «ሬጅስትራሯን እትዬን ለምን አትጠይቃቸውም?» አለችኝ። በሕይወት አሉ? አሉ። ኮልፌ ናቸው።

እትዬ አርጅተዋል፤ ግን ሲያዩኝ የመታወቂያ ቁጥሬን ጠሩልኝ። ስሜን ሳይሆን ቁጥሬን! ቡና አፈሉ። ከዚያ አልጋው ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሳጥን ጎትት አሉኝ። ኮሌጁ ሲዘጋ ወረቀቱ ሁሉ በማዳበሪያ ታጭቆ ግቢው ውስጥ ተጥሎ ነበር፤ ዝናብ እየመጣ ነበር፤ እሳቸው ትላልቆቹን መዝገቦች ብቻ በሁለት ጉዞ በታክሲ ወሰዷቸው። ማንም አላዘዛቸውም። ማንም አልከለከላቸውም። «የሰው ልጅ ድካም እኮ ነው፣ ልጄ፤ እንዴት ለዝናብ ልተወው?» አሉኝ።

ጀርባው አረንጓዴ የሆነ ትልቅ መዝገብ ነው። ስም፣ ቁጥር፣ ክፍያ፣ ግሬድ፣ ሁሉም በእጅ የተጻፈ። ስሜን አገኘሁት። የደበዘዘ ሰማያዊ ቀለም። መጨረሻው ላይ ደግሞ «አስተያየት» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። እትዬ ያቋረጠውን ሰው ሁሉ ምክንያቱን ጽፈውበታል። «ታመመ።» «ወለደች።» «ደመወዝ አልወጣለትም፣ ይመለሳል።» «ዓረብ አገር ሄደች።» «ዘመተ።» ያ የ1991 እና የ92 ጦርነት ነው። ከ«ዘመተ» አጠገብ ለአንዱ በሌላ ቀለም «ተመለሰ» ተብሎ ተጨምሯል። ለሌሎቹ አልተጨመረም። ያን ገጽ ቶሎ መግለጥ አልቻልኩም። እትዬም ዝም አሉ።

የግል ኮሌጅ ታሪክ ይጻፍ የምለው እንግዲህ ይህን አይቼ ነው። የመሥራቾች ፎቶና የምረቃ በዓል ብቻ ታሪክ አይሆንም።

በዚህ ረገድ የሠራ የለም አልልም። ቅድስት ማርያም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ስለ ግል ከፍተኛ ትምህርት ዓመታዊ ጉባኤ ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ መሥራች ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ወንድወሰን ታምራትም በዚህ ጉዳይ ብዙ ጽፈዋል። ምስጋና ይገባቸዋል። ግን አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለተመራማሪ ነው። ለጠረጴዛ ጓደኞቼ አልደረሰም።

ጋና ውስጥ አሸሲ የሚባል የግል ዩኒቨርሲቲ አለ። ፓትሪክ አዋ የሚባል፣ አሜሪካ ተምሮ ማይክሮሶፍት ይሠራ የነበረ ሰው ነው ያቋቋመው። እ.ኤ.አ. በ2002 አክራ ውስጥ ኪራይ ቤት ተጀመረ፤ በ30 ተማሪ። በ2011 ቤሬኩሶ የሚባል ኮረብታ ላይ የራሱ ግቢ ገባ። በ2008 ደግሞ ተማሪዎቹ በክብር ቃል ተስማምተው ያለ ፈታኝ መፈተን ጀመሩ፤ መንግሥት ተጠራጥሯቸው እንኳ አልተውትም። ይህን ሁሉ እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ አውቃለሁ። ለምን? ስለጻፉት፣ ስለተናገሩት ነው። ሠላሳ ተማሪ እንደነበራቸው በኩራት ይናገራሉ። እኛም ሃምሳ ነበርን። ከሃምሳዎቹ የአንዳቸውን ታሪክ የሚያውቅ ማን ነው? የዚያን ጊዜ ወጣቶች ዛሬ ስልሳ እየተጠጉ ነው፤ በሰዓት ያስተማሩን መምህራን ብዙዎቹ አርፈዋል።

እና የምጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ ባለሥልጣኑ እንደገና ምዝገባ ብሎ መስፈርት ያላሟሉትን ሲዘጋ፣ በሩ ላይ ማሸጊያ ከመለጠፉ በፊት መዝገቡን ይረከብ። ከመጀመሪያው ተማሪ እስከ መጨረሻው። ከዚህ በፊት የጠፉትንም ኮሌጆች መዝገብ፣ በሰው ቤት ያለውን፣ የሚቀበል አንድ ቢሮ በግልጽ ይታወጅ። ወጪው ምንድን ነው? ስካነርና ሁለት ሠራተኛ። ባለቤቶቹም ብትሆኑ፣ ለመሸጥም ለመዝጋትም መብታችሁ ነው፤ የተማሪው ግሬድ ግን የእናንተ ዕቃ አይደለም። በአደራ ነው የያዛችሁት።

ጋዜጣችሁ ደግሞ አንድ ዓምድ ይክፈት። በሳምንት አንድ ግማሽ ገጽ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ የማታ ተማሪዎች፣ ሬጅስትራሮች፣ ጸሐፊዎች፣ ጠመኔ የሚያቀብሉት ዘበኞች ሳይቀሩ ይጻፉበት። ፎቶ ያለው ፎቶውን፣ ደረሰኝ ያለው ደረሰኙን ያምጣ። የድሮ ደረሰኝ ላይ የኮሌጁ አድራሻ አለ፣ የክፍያው መጠን አለ፣ ቀን አለ። እኔ አርባ የሚሆኑ አሉኝ፤ ዋናውን አልሰጥም፣ ኮፒውን ግን ነገ አመጣለሁ።

ከእትዬ ቤት ስወጣ ሳጥኑን መልሼ አልጋው ሥር ገፋሁት። በር ላይ ቆመው «እኔ ስሞት ለማን ላስረክበው?» አሉኝ። ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው፤ ቤቱም የቀበሌ ነው። እጠይቃለሁ ብያቸው ነው የመጣሁት። እነሆ ጠየቅሁ። የሚመለከተው ሰው ይህን ካነበበ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ አለ፤ ኮልፌ ድረስ እኔው እወስደዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
የቀድሞ የማታ ተማሪ
አዲስ አበባ